ቀልዱ ሳይበላሽ ደርሷል ወይ? የኮሜዲና የቤተሰብ ፊልም ዲስክ እንዴት ይመዘናል

እንደምን አመሻችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ፊልም ብቻ ሳይሆን ፊልም ቤታችን ስለሚገባበት ዕቃ ነው። ስለ ዲስክ። በተለይ ስለ ኮሜዲና ስለ ቤተሰብ ፊልም ዲስክ። ዓመት ስጠራ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ለምን እነዚህን ሁለቱን መረጥኩ? የዲስክ ግምገማ የምታነቡ ሰዎች ነገሩን ሳታስተውሉት አትቀሩም። የጦርነት ፊልም ሲወጣ ገምጋሚው ገጽ ሙሉ ይጽፋል። ጥቁሩ ምን ያህል ጥቁር እንደሆነ፣ ፍንዳታው ወንበሩን እንዴት እንዳንቀጠቀጠ፣ ሄሊኮፕተሩ ከጀርባችን ተነስቶ እንዴት ወደ ፊት እንዳለፈ ይነግረናል። ኮሜዲ ላይ ሲደርስ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል። «ምስሉ ደህና ነው፤ ድምፁ ንግግር ስለሚበዛበት ብዙ የሚባልለት የለም» ብሎ ያልፋል። የልጆች ፊልም ከሆነማ «ልጆች ይወዱታል» ተብሎ ይዘጋል።

እኔ በዚህ አልስማማም። በመጥፎ ዲስክ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ኮሜዲ ነው ብዬ አምናለሁ። የጦርነት ፊልም ምስሉ ቢደበዝዝም ፍርሃቱ አይጠፋም። ድራማም ጠርዙ ቢቆረጥ እንባው አይቀርም። ቀልድ ግን እንዲህ አይደለም። ግማሽ ሰከንድ ከዘገየ፣ የምስሉ ጥግ ከተቆረጠ፣ አንዲት ቃል ካልተሰማች፣ ማንም አይስቅም። ስለዚህ የኮሜዲ ዲስክ ሲደርሰኝ ከሁሉ በፊት የማየው ቀልዱ እንደተሠራ ሆኖ ደርሶኝ እንደሆነ ነው። ስለ ጥቁሩ ጥቁረት ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

ከምስሉ ክፈፍ፣ ማለትም ምስሉ ከየት እስከ የት እንደሚታይ፣ ልጀምር። በ1985 የወጣ «ፒ-ዊስ ቢግ አድቬንቸር» የሚባል ፊልም አለ። ቲም በርተን ዳይሬክት ያደረገው የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው። በዚያ ውስጥ ዋናው ሰውዬ የሚወዳትን ብስክሌቱን ሊያስር ሰንሰለት ያወጣል። ብስክሌቷ ላይ ካለች ትንሽ ሣጥን ሰንሰለቱን መሳብ ይጀምራል። ይስባል፣ ይስባል፣ አያልቅም። ያቺ ሚጢጢ ሣጥን ይህን ሁሉ ብረት እንዴት ያዘችው? የሚያስቀው ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም የለውም።

አሁን ይህ ፊልም በቪዲዮ ሲወጣ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ብዙ ፊልሞች ሲቀረጹ ካሜራው ሲኒማ ቤት ከሚታየው በላይ ከላይም ከታችም ይቀርጻል። ሲኒማ ቤት ሲታይ ትርፉ ይሸፈናል። ዳይሬክተሩም ሲቀርጽ የሚያስበው የተሸፈነውን ምስል ነው። የድሮው ቴሌቪዥን ወደ ካሬ የሚጠጋ ስለነበር ቪዲዮ አውጪዎቹ ሽፋኑን አንስተው ትርፉን ጭምር አሳዩ። ሲሰሙት ጥሩ ነገር ይመስላል። ምስል ተጨመረ እንጂ አልተቀነሰም። ግን በዚያ በተጨመረው ምስል ሰንሰለቱ ከሣጥኗ ሥር እየገባ ሲወጣ በግልጽ ይታያል። አስማቱ የለም። ቤቱ ሆኖ ያየ ሰው ያየው አንድ ሰውዬ ሰንሰለት ሲጎትት ነው።

ይህ ምሳሌ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ዲስኩን የሠራው ክፍል ምንም አላጠፋም፤ ምስሉም ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። በጥራት ብቻ የሚመዝን ገምጋሚ ጥሩ ነጥብ ይሰጠዋል። ቀልዱ ግን ሞቷል።

በሰፊው የተቀረጹ ፊልሞች ደግሞ ሌላ ዕጣ ነበራቸው። ጎንና ጎናቸው ተቆርጦ ከመካከል የተወሰነው ብቻ ይታይ ነበር። በኮሜዲ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሁለት ሰዎች ዳርና ዳር ተቀምጠዋል። አንዱ የማይረባ ነገር በከባድ ቁምነገር ይናገራል። ሌላው ዝም ብሎ ይሰማል። ብዙ ጊዜ የሚያስቀን የሚናገረው ሳይሆን የሚሰማው ሰው ፊት ነው። ቆራጩ ግን ምስሉን የሚሰጠው ለሚናገረው ነው። የሚሰማው ሰውዬ ፊቱ ሳይሆን ጆሮው ይቀራል።

በዚህ ነገር በደንብ የተጨነቀ ስቱዲዮ እንደነበርም መናገር አለብኝ። ፒክሳር በ1998 ያወጣውን «ኤ በግስ ላይፍ»ን ለካሬው ቴሌቪዥን ሲያዘጋጅ በቀላሉ ቆርጦ አልተወውም። ፊልሙ በኮምፒውተር የተሠራ ስለሆነ በአንዳንድ ትዕይንቶች ገጸ ባሕርያቱን ራሳቸውን አንቀሳቅሶ አቀራረባቸው። ማንም ከክፈፉ እንዳይወጣ ብሎ ነው። ለልጆች ፊልም እንዲህ ይለፋል! ያን የመሰለ ጥንቃቄ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ግምገማ ላይም ሊጻፍ ይገባዋል።

ዛሬ ቴሌቪዥኖቻችን ሰፊ ስለሆኑ ችግሩ ተገልብጧል። አሁን የሚቆረጡት የድሮዎቹ ናቸው። ካሬ ሆነው የተሠሩ ኮሜዲዎች ስክሪኑን እንዲሞሉ ከላይና ከታች ይከረከማሉ። የድሮ ኮሜዲ ደግሞ በእግር የሚሠራ ሥራ ነው። የድምፅ አልባ ፊልሙ ኮሜዲያን በስተር ኪተን ሲሮጥ፣ ሲንሸራተት፣ ሲወድቅ ከራስ እስከ እግሩ ነው የሚቀረጸው። እግሩን ከቆረጣችሁበት ምን ቀረ? ቀላል መፈተኛ አለ። የሚሮጥ ሰው ያለበትን ቦታ ፈልጉና ጫማውን እዩ። ጫማው ከሌለ ዲስኩን መልሱት። ጎንና ጎን ጥቁር ስለሆነ የተጭበረበረ የሚመስለው ሰው ካለም በትዕግሥት አስረዱት። ያ ጥቁር ፊልሙ ሙሉ ለመሆኑ ምልክት ነው።

ቀጥሎ ጊዜ። ኮሜዲ ያለ ጊዜ ምንም ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው። በአውሮፓና በሌሎችም ብዙ አገሮች የነበረው የቴሌቪዥን አሠራር ግን በሰከንድ 25 ነው። ስለዚህ ፊልሙ ወደ ቪዲዮ ካሴትና ወደ ዲቪዲ ሲገለበጥ ትንሽ ይፈጥን ነበር። በመቶኛ 4 ያህል ነው። የ100 ደቂቃው ፊልም በ96 ደቂቃ ያልቃል። ድምፁ ካልተስተካከለ ደግሞ ሁሉም ሰው ትንሽ ቀጠን ባለ ድምፅ ይናገራል። ለብዙ ፊልም ይህ ምንም አይደለም፤ ማንም አያውቀውም። ዘፈን ላለበት የቤተሰብ ፊልም ግን ዘፋኙ ሌላ ሰው ይመስላል። ዝምታ ላይ ለቆመ ቀልድም ያ ዝምታ ያጥራል። ከዲቪዲ ቀጥሎ የመጣው ባለ ከፍተኛ ጥራት ዲስክ፣ ብሉሬይ፣ በ2006 ሲመጣ ፊልምን በ24 መያዝ ስለቻለ ይህ ጣጣ በአብዛኛው ቀረ። ያም ሆኖ አንዳንድ አከፋፋይ የድሮውን የተፋጠነ ቅጂ ብሉሬይ ላይ ገልብጦ ይሸጣል። ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ርዝመት ከዋናው የፊልሙ ርዝመት ጋር አስተያዩ። አራት ደቂቃ ከጎደለ ወይ ተቆርጧል ወይ ተፋጥኗል።

ድምፅ አልባ ኮሜዲ ላይ ደግሞ ፍጥነት ትልቅ ክርክር ነው። በዚያን ጊዜ ካሜራ በእጅ ይሽከረከር ስለነበር አንድ ቁርጥ ያለ ፍጥነት አልነበረም። በግድየለሽነት የተሠራ ዲስክ ሁሉንም በ24 ያጫውታል፤ ሰዎቹ ሁሉ ጉንዳን ይሆናሉ። ከዚያ ሌላው ጽንፍ ይመጣል። አንዳንድ አስተካካይ ሰው በተፈጥሮው እንደሚራመድ አድርጎ ያዘገየዋል። ይህም ስህተት ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም የኮሜዲ ካሜራ ባለሙያዎች እንቅስቃሴው በስክሪን ላይ ፈጠን እንዲል ሆን ብለው ቀስ አድርገው ያሽከረክሩ ነበር። ፍጥነቱ ራሱ የቀልዱ አካል ነው። እዚህ ላይ ቀመር የለም። ማሳደዱ ማሳደድ፣ መሳሙ መሳም መስሎ ከታየ ልክ ነው እላለሁ። የሚያሳዝነው ቦታ ላይ ተዋናዩ ከተንቀጠቀጠ ፈጥኗል። ከግንብ ላይ ሲወድቅ ተንሳፍፎ ከወረደ ዘግይቷል።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ላንሳ። አዳዲስ ቴሌቪዥኖች በምስል መካከል የራሳቸውን ምስል ፈጥረው እንቅስቃሴውን የሚያለሰልሱበት መቼት አላቸው። እባካችሁ አጥፉት። ዲስክ ከመገምገማችሁ በፊት አጥፉት። የድሮ አካላዊ ኮሜዲ በዚያ ሲታይ የልምምድ ቪዲዮ ይመስላል።

ከጊዜ ጋር የተያያዘ ሌላ ጉዳይ አለ፤ «ያልተቆረጠ» ተብለው የሚወጡት ረዘም ያሉ ቅጂዎች። በ2000ዎቹ ለኮሜዲ ፊልም ፋሽን ሆኖ ነበር። ሲኒማ ቤት ያልታየ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ተጨምሮበት ይሸጣል። ገዢው ትርፍ ያገኘ ይመስለዋል። እኔ አብዛኞቹን አልወዳቸውም። ኤዲተሩ ያን ደቂቃ ያወጣው ክፉ ስለሆነ አይደለም። በተመልካች ፊት ተሞክሮ ሳቁ ስለቀዘቀዘ ነው ብዙ ጊዜ የሚወጣው። አንድ ቀልድ ሦስት ጊዜ ሲነገር አስቆ አራተኛው ላይ ይደክማል። ረጅሙ ቅጂ አራተኛውንም አምስተኛውንም ይመልሰዋል። የተወሰዱት ቦታዎች ለብቻቸው በተጨማሪ ክፍል ቢቀመጡ ደስ ብሎኝ አያቸዋለሁ። ፊልሙ ውስጥ ገብተው ዋናው ቅጂ ከዲስኩ ከጠፋ ግን ነጥብ እቀንሳለሁ። ሁለቱም ካሉበት ችግር የለም፤ ሰው ይምረጥ።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያበሳጨኝ ነገር ልምጣ። የትርጉም ጽሑፍ። ሰብታይትል።

አንድ አባት ልጆቹን ሰብስቦ ይቆማል እንበል። ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ማንም ሰው ጣፋጭ አይበላም» ይላል። ዝም ይላል። ልጆቹ ይተያያሉ። አሁንም ዝም ይላል። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ከእኔ በቀር»። ሳቁ ያለው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። መጥፎ ሰብታይትል ምን ያደርጋል? ሁለቱንም ባንድ ላይ ጽፎ ያወጣዋል። አባትየው ገና «ከዛሬ ጀምሮ» ሲል እኛ «ከእኔ በቀር» የሚለውን አንብበን ጨርሰናል። ተዋናዩ የሚሠራው ሁሉ ካለቀ ነገር በኋላ ነው። ሰው ዓይኑ ከጆሮው ይቀድማል፤ ስለዚህ የቀልዱ መቋጫ ለብቻው፣ በራሱ ጊዜ መውጣት አለበት። ይህን የሚያውቅ የሰብታይትል ባለሙያ ወርቅ ነው። ዲስክ ስገመግም ከፊልሙ አንድ ዝምታ ያለበት ቀልድ መርጬ ሰብታይትሉን ከፍቼ አየዋለሁ። ሌላውን ሁሉ እሱ ይነግረኛል።

ሌላም ብልሽት አለ። ፊልሙ በሌላ ቋንቋ ድምፅ ተለብሶ ሲወጣ፣ ለማልበሻው የተጻፈውን ቃል ገልብጠው ሰብታይትል ያደርጉታል። የማልበሻ ጽሑፍ የሚሠራው ከከንፈር ጋር እንዲገጥም ነው። ቃል ይጨመራል፣ ቃል ይቀነሳል። አንዳንዴ ዋናው ፊልም ላይ ዝም ያለው ሰው እንዲናገር ይደረጋል። በዋናው ድምፅ የሚያይ ሰው ማንም አፉን ሳይከፍት ጽሑፍ ሲወጣ ያያል። መስማት ለሚቸግራቸው ሰዎች የሚዘጋጀው ጽሑፍም በኮሜዲ ላይ ቀላል ሥራ አይደለም። «በሩ ተዘጋ» ብቻ ቢባል አይበቃም፤ ከስክሪኑ ውጭ የተሰበረው ሳህን ቀልዱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ያ ከተዘለለ ያ ተመልካች ከሳቁ ተገልሏል ማለት ነው። ይህን የሚጽፍ ገምጋሚ ብዙ አላየሁም፤ ቢጻፍ እወዳለሁ።

ስለ ድምፅ ብዙ አልልም። ሦስት ነገር አዳምጡ። ንግግሩ ጥርት ብሎ ይሰማል ወይ? ልጆች ተኝተው ድምፁ ሲቀነስም ይሰማል ወይ? ጥፊው ከምስሉ ጋር እኩል ያርፋል ወይ? ድምፅ ከምስል በ45 ሚሊሰከንድ ያህል ከቀደመ ሰው ይነቃል፤ ጥፊና ውድቀት ላይ ይህ ያስታውቃል። የድሮ ፊልም ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ባለ አንድ መስመር ድምፅ መኖሩን እዩ። አምስትና ስድስት ድምፅ ማጉያ እንዲሞላ ተብሎ አዲስ የእግር ኮቴና አዲስ የበር ድምፅ የተጨመረበት ኮሜዲ ሌላ ፊልም ነው።

አሁን ወደ ምስሉ ጥራት። ለኮሜዲ ጥራት አያስፈልግም የሚሉ ሰዎች የፈረንሳዩን የኮሜዲ ዳይሬክተር ዣክ ታቲን አላዩም ማለት ነው። «ፕሌይታይም» የተባለው የ1967 ፊልሙ ከተለመደው በሚሰፋ የ70 ሚሊሜትር ፊልም የተቀረጸ ነው። ታቲ ፊት አቅርቦ አያሳይም። ሰፊ ትዕይንት ይከፍታል፤ በዚያ ውስጥ አንዱ ጥግ ላይ አስተናጋጅ ይወናበዳል፣ ሌላው ጥግ ወንበር ይሰበራል፣ ከኋላ አንዱ መስታወት ካለበት ከሌለበት ይምታታበታል። የት እንደምናይ ማንም አይነግረንም። ዲቪዲ ላይ አንድ ምስል ቢበዛ 720 በ576 ነጥብ (ፒክሰል) ነው፤ ከኋላ ያለው ሰውዬ ፊት ጥቂት ነጥቦች ብቻ ይደርሱታል። ብሉሬይ 1920 በ1080 ነው፤ የነጥቦቹ ብዛት አምስት እጥፍ ይሆናል። አንድ የማይታይ የነበረ ቀልድ ይታያል። እንዲህ ላለው ፊልም ከፍተኛው ጥራት ቅንጦት አይደለም።

የካርቱን ፊልም ላይ ደግሞ ችግሩ ከልክ በላይ ማጽዳት ነው። በ1961 «101 ዳልሜሽንስ» ሲሠራ ዲስኒ የሠዓሊዎቹን የእርሳስ መስመር በቀጥታ ቀለም ወደሚቀባበት ግልጽ ፕላስቲክ የሚገለብጥ ማሽን ተጠቀመ። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት ፊልሞች መስመሩ ሻካራ ነው፤ የሠዓሊው እጅ ይታያል። በ1963 የወጣው «ዘ ሶርድ ኢን ዘ ስቶን» የዚያ ዘመን ነው። ፊልሙ በ2013 በብሉሬይ ሲወጣ የፊልሙን ቅንጣት፣ ማለትም ፊልም ላይ በተፈጥሮው የሚታየውን ደቃቅ ነጠብጣብ፣ እናጥፋ ብለው መስመሩን አብረው አሟሙት። ፀጉር ተለሰነ፤ የፊት መስመር ቦታ ቦታ ተቋረጠ። ማየት ያማል። ለዓይን የሚያብረቀርቅ ስለሆነ «እንደ አዲስ» ብለው ያሞገሱትም ነበሩ። የ1950ው «ሲንደሬላ»ም በ2012ቱ ብሉሬይ እንዲሁ መስመር ጠፍቶበት ነበር፤ በ2023 ከብሉሬይ በሚበልጠው የ4ኬ ጥራት እንደገና ሲታደስ ብዙው ተመለሰ። ስለዚህ የካርቱን ዲስክ ስታዩ ምስሉን አቁሙት። የገጸ ባሕርዩን ሽፋሽፍትና የፀጉሩን ጫፍ እዩ። ልጁ አይለየውም ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ልጅ ከሁላችንም በላይ ያያል ባይ ነኝ። አንዱን ፊልም ደጋግሞ የሚያየው እሱ ነው፤ እያንዳንዷን መስመር በቃሉ ይይዛታል።

የትኛው ቅጂ እንደሆነ መናገርም የገምጋሚ ግዴታ ነው። የስቲቨን ስፒልበርግ ፊልም «ኢ.ቲ.» በ1982 ወጣ። በ2002 እንደገና ሲወጣ ልጆቹን የሚያሳድዱት ሰዎች የያዙት ጠመንጃ በኮምፒውተር ጠፍቶ በመገናኛ ሬዲዮ ተተካ። ስፒልበርግ በኋላ ተጸጸተበት፤ የ2012ቱ ብሉሬይም የመጀመሪያውን ይዞ ወጣ። ቻፕሊን ደግሞ የ1925ቱን «ጎልድ ራሽ» በ1942 ራሱ አሳጥሮ፣ በየመካከሉ የሚወጡትን የንግግር ጽሑፎች አውጥቶ፣ በገዛ ድምፁ ትረካ ጨመረበት። መጨረሻ ላይ የነበረውን መሳምም አወጣው። ሁለቱም የእሱ ሥራ ናቸው። ሣጥኑ ላይ ግን «ጎልድ ራሽ» ብቻ ከተጻፈ ገዢው የትኛውን እንደገዛ በምን ያውቃል?

ለቤተሰብ ፊልም ሌላ የምጨምረው መለኪያ አለ፤ ፊልሙ ለመጀመር የሚፈጅበት ጊዜ። ዲስኩ ገብቶ ማስጠንቀቂያ፣ ማስታወቂያ፣ ትሬለር፣ ሌላ ትሬለር፣ ሪሞቱ አይሠራም። የአራት ዓመት ልጅ ይህን እንዲጠብቅ ማድረግ ጭካኔ ነው። ሜኑው ላይ ደግሞ «ጀምር» የሚለው ቁልፍ ትልቅና ግልጽ ይሁን። ልጅ ራሱ ሊከፍተው የሚችል ሜኑ ጥሩ ሜኑ ነው። በሌላ ቋንቋ የተለበሰውን ድምፅም በደንብ ስሙ፤ ማንበብ ለማይችል ልጅ ፊልሙ እሱ ነው። ዘፈኖቹ ተተርጉመው ተዘፍነዋል ወይስ በዋናው ቋንቋ ቀርተዋል? ይህ ሣጥኑ ላይ አይጻፍም፤ ገምጋሚው ካልነገረን የምናውቀው ከገዛን በኋላ ነው።

በቅርቡ ከሁሉም የሚበዛው ጥያቄ «ያለኝን ብሉሬይ በ4ኬ ልተካው ወይ?» የሚል ነው። ለአብዛኛው ኮሜዲ መልሴ አያስፈልግም ነው። ክፈፉ ትክክል ከሆነ፣ ፍጥነቱ ትክክል ከሆነ፣ መስመሩና ቅንጣቱ ካልጠፉ ያላችሁን ያዙ። እንደ «ፕሌይታይም» ያለው ሲሆን ልዩ ነው። ገንዘባችሁን ገና በደንብ ወጥቶ ለማያውቅ ፊልም አስቀምጡት። ሁለቱ ኮሜዲያን ሎሬልና ሃርዲ በ1927 የሠሩት «ዘ ባትል ኦቭ ዘ ሴንቸሪ» የሚባል አጭር ፊልም አለ። መንገድ ሙሉ ሰው ፓይ በሚባል ኬክ የሚወራወርበት ነው። የዚያ ጦርነት ያለበት ሁለተኛው የፊልም ጥቅል ጠፍቶ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የሚታየው ቅንጭቡ ብቻ ነበር። ጥቅሉ በ2015 ተገኘ፤ በኋላም ታድሶ በብሉሬይ ወጣ። አንድ ፓይ እንዴት አንድ መንገድ ሙሉ ሰው እንደሚያዳርስ፣ ጠቡ ከሰው ወደ ሰው እንዴት ቀስ እያለ እንደሚያድግ አሁን ማየት ይቻላል። ምስሉ ላይ ጭረት አለ። በዚያ ጭረት ምክንያት ነጥብ የቀነሰ ገምጋሚ ካለ ግምገማውን እንደገና ይጻፈው።